የስምምነት ጠበቃው የሥራ መደብ ለምን ታጠፈ?

ለተከበሩ የድርጅቱ ዋና ሥራ አስፈጻሚ
ለተከበሩ የዳይሬክተሮች ቦርድ ሰብሳቢ
ለተከበሩ የሕግ ክፍል ኃላፊ

ጉዳዩ፦ የታጠፈው የስምምነት ጠበቃ የሥራ መደብ እንዲመለስ ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ የሥራ ኃላፊዎች፣

ይህን ደብዳቤ የምንጽፍላችሁ ዕቃ የምናቀርብላችሁ፣ በግንባታዎቻችሁ ላይ በንዑስ ተቋራጭነት የምንሠራና የተለያየ አገልግሎት የምንሰጣችሁ ትንንሽ ድርጅቶች ነን። የድርጅታችሁን ስም አልጠቀስንም። ዓላማችን ስም ማጉደፍ ሳይሆን መልስ ማግኘት ነው፤ በዝግ የላክናቸው ደብዳቤዎች "ደርሶናል" ከሚል ማኅተም ያለፈ ምላሽ ስላላገኙ ነገሩን ወደ አደባባይ ማውጣት ግድ ሆነብን። ተመሳሳይ ውሳኔ ለማሳለፍ የተዘጋጀ ሌላ ድርጅት ካለም ከመፈረሙ በፊት ቢያነበው ደስ ይለናል።

እናንተ የምታውቁትን ለሌላው አንባቢ ስንል በአጭሩ እንናገር። በሕግ ክፍላችሁ ውስጥ ሥራቸው ስምምነት ብቻ የሆነ አንድ ጠበቃ ነበሩ። በውል ላይ አለመግባባት ሲፈጠር ፋይሉ በመጀመሪያ ወደ እሳቸው ይመራል። እሳቸው ክስ አይጽፉም፣ ችሎት አይቆሙም። ጉዳዩ በድርድር ካላለቀ ለተከራካሪ ባልደረቦቻቸው ይለቁና ከነገሩ ይወጣሉ። የእናንተ ጠበቃ እንጂ የእኛ አልነበሩም፤ በአንዲት የውል አንቀጽ ላይ ግማሽ ቀን ይዘውን የዋሉበት ጊዜ አለ፤ ከቢሯቸው ፈገግ ብሎ የወጣ ብዙ ሰው አናውቅም። ነገር ግን ነገሩ ያልቅ ነበር። ባለፈው የበጀት ዓመት ይህ የሥራ መደብ "ወጪ ለመቀነስና አሠራሩን አንድ ወጥ ለማድረግ" በሚል ታጠፈ፤ ፋይሎቹ ሁሉ ወደ ተከራካሪ ጠበቆች ቡድን ተዛወሩ። ቅሬታችን በዚህ ውሳኔ ላይ ነው።

ወደ ዝርዝሩ ከመግባታችን በፊት ግልጽ መሆን ያለበት ነገር አለ፤ ከኃላፊዎቻችሁ አንዱ በስብሰባ ላይ "አስታራቂ ከፈለጋችሁ አስታራቂ መቅጠር ትችላላችሁ" ብለውናልና። አስታራቂ ከሁለቱም ወገን ያልሆነ ሰው ነው፤ ያቀራርባል እንጂ አይወስንም። የግልግል ዳኛ ደግሞ ሁለቱንም ሰምቶ ይወስናል። የስምምነት ጠበቃ ከእነዚህ ይለያል። የደንበኛው ሰው ነው፤ የደንበኛውን ምሥጢር ይጠብቃል፣ ለደንበኛው ጥቅም ይሟገታል፤ ልዩነቱ የተያዘው ለድርድር ብቻ መሆኑ ነው። አስታራቂ ቢቀጠርም እኮ ከጠረጴዛው ማዶ ድርጅታችሁን ወክሎ የሚቀመጥ ሰው ያስፈልጋል። እኛ የምንጠይቀው ስለዚያ ሰው ነው።

ሐሳቡ የእኛ ፈጠራ አይደለም። የሃርቫርድ የሕግ ፕሮፌሰር የነበሩት ሮጀር ፊሸር ድርድር ራሱን የቻለ የጥብቅና ዘርፍ መሆን እንደሚችል በአሜሪካ ጠበቆች ማኅበር መጽሔት ላይ የጻፉት እ.ኤ.አ. በ1983 ነው። በ1990 ደግሞ በሚኒሶታ ግዛት በቤተሰብ ጉዳይ ጥብቅና ይተዳደሩ የነበሩት ስቱዋርት ዌብ ከዚያ ወዲያ ፍርድ ቤት እንደማይቆሙ አሳውቀው ሥራቸውን በስምምነት ብቻ ወሰኑ። ከእሳቸው የተነሳው አሠራር አንድ ጠንካራ ደንብ አለው፤ ድርድሩ ከፈረሰ የሁለቱም ወገን ጠበቆች ከጉዳዩ ይወጣሉ፣ ደንበኞቹ ለክሱ ሌላ ጠበቃ ይይዛሉ። የአሜሪካ ግዛቶች ተመሳሳይ ሕግ እንዲኖራቸው የሕግ ረቂቅ የሚያዘጋጀው ኮሚሽንም በ2009 ይህንኑ ደንብ በአርአያ ሕግ ውስጥ አስገብቶታል። ደንቡ ለጠበቃው ከባድ ነው፤ ስምምነቱ ከከሸፈ ገቢውም አብሮ ይቆማል። ጠበቃው ስምምነቱ እንዲሰምር ከልቡ የሚደክመው ግን በዚሁ ምክንያት ነው። በእናንተ ዘንድ የነበረው አሠራር ያን ያህል ጥብቅ ባይሆንም መሠረቱ አንድ ነበር።

አሁን ወደ ቅሬታዎቻችን እንግባ።

የመጀመሪያውና ከሁሉ የከበደው፣ የሚደራደረንና በችሎት የሚሟገተን ሰው አንድ መሆኑ ነው። ከአባሎቻችን አንዱ በአንድ ሕንፃችሁ ውስጥ የኤሌክትሪክ መስመር ዝርጋታ ይሠራ ነበር። ሥራው ዘገየ። ምክንያቱን ሁለቱም ወገኖች ያውቁታል፤ ወለሎቹ በውሉ በተባለው ቀን ርክክብ አልተደረገባቸውም፤ ተቋራጩም በበኩሉ የተወሰኑ ባለሙያዎቹን ለጥቂት ሳምንታት ወደ ሌላ ሥራ ልኮ ነበር። የቀረው የመዘግየቱ ኃላፊነት በምን ያህል ይከፈል የሚለው ብቻ ነበር። ለድርድር ሲጠራ ከማዶ የተቀመጡት የክስ አቤቱታውን እያዘጋጁ የነበሩት ጠበቃ ናቸው። እሱ ግን እንደ ድሮው መስሎት ስለ ባለሙያዎቹ በግልጽ ተናገረ። ድርድሩ ያለ ውጤት ተበተነ። ከወራት በኋላ ችሎት ቀርቦ የተነሳበት የመጀመሪያው መስቀለኛ ጥያቄ "በእነዚያ ሳምንታት ባለሙያዎችህ የት ነበሩ?" የሚል ሆነ። በድርድሩ ላይ የሰጠው ቃል በማስረጃነት አልቀረበበትም፤ ማቅረብም አላስፈለገም። የት መቆፈር እንዳለባቸው ራሱ ነግሯቸው ነበርና።

ይህን ስናነሳ የሕግ ክፍላችሁ የሰጠን መልስ "በድርድር የተነገረ ቃል በሕግ የተጠበቀ ነው" የሚል ነው። እውነት ነው፤ እስከ ተወሰነ ድረስ። የአሜሪካ ፌዴራል የማስረጃ ደንብ ቁጥር 408 ለስምምነት የቀረበ ሐሳብም ሆነ በድርድር የተነገረ ቃል፣ ለክርክር የቀረበው መብት መኖሩን ወይም መጠኑን ለማስረዳት እንዳይቀርብ ይከለክላል፤ ለሌላ ዓላማ ግን ሊቀርብ እንደሚችል ያው ደንብ ይናገራል። በእንግሊዝ ሕግም "መብታችን ሳይነካ" በሚል የሚካሄድ የስምምነት ንግግር በመርህ ደረጃ ከማስረጃነት የተጠበቀ ነው። ዝርዝሩ በየአገሩ ይለያያል። የሁሉም ጉድለት ግን አንድ ነው፤ ሕግ ቃሉን ከመዝገብ ሊያስወጣው ይችላል፣ ከሰማው ሰው ጭንቅላት ሊያስወጣው ግን አይችልም። መፍትሔው ሰሚውን ከተሟጋቹ መለየት ነው፤ የታጠፈው የሥራ መደብም ሲሠራ የነበረው ይህንኑ ነው። የስምምነት ጠበቃው የሰሙት ወደ ተከራካሪው ጠበቃ እንደማይሻገር በምናምንበት ጊዜ የእኛ ሰዎች ጉድለታቸውን ይናገሩ ነበር፤ የእናንተም መሐንዲሶች እንዲሁ። አሁን ሁለቱም ጠበቃቸው የጻፈላቸውን ወረቀት አንብበው ይነሳሉ። በአንድ ራስ ሁለት ምላስ ይዞ ከሚመጣ ሰው ፊት ከዚህ የተሻለ ግልጽነት መጠበቅ የዋህነት ነው።

ጠበቆቻችሁን እየወቀስን አይደለም። የተከራካሪ ጠበቃ ሥራ ማሸነፍ ነው፤ ምንም ላለማመን፣ ሁሉንም ለመካድ፣ የሌላውን ወገን ክፍተት ለመፈለግ ሠልጥኗል፤ በዚህም ጎበዝ ከሆነ ተገቢ ነው። ችግሩ ያንኑ ሰው ጠዋት በጥርጣሬ አሰልፎ ከሰዓት በኋላ በመተማመን እንዲነጋገር ማዘዝ ነው።

ሁለተኛው ቅሬታችን ስለ ጊዜ ነው። አንዱ አባላችን ለመጋዘናችሁ ማቀዝቀዣ ማሽኖችን አቀረበ። ከማሽኖቹ ጥቂቶቹ የተፈለገውን የሙቀት መጠን መጠበቅ አቃታቸው። አቅራቢው ጉድለቱ ሙቀት በሚለካው መሣሪያ ላይ ሳይሆን አይቀርም ብሎ በራሱ ወጪ ሊቀይር ተነሳ። በቀድሞው አሠራር የስምምነት ጠበቃው የሁለቱንም ወገን ቴክኒሻኖች በአንድ ክፍል ያስቀምጧቸው ነበር፤ በሕግ ቋንቋ ሳይሆን በማሽን ቋንቋ ተነጋግረው የተበላሸውን ከደኅናው ይለያሉ፤ ጠበቃው የተስማሙበትን ይጽፋሉ። በአሁኑ አሠራር የደረሰው "መብታችን ሁሉ እንደተጠበቀ ሆኖ" ብሎ የሚጀምር፣ የጠቅላላውን ርክክብ ክፍያ የሚያግድና አቅራቢው ወደ መጋዘኑ እንዳይገባ የሚከለክል ደብዳቤ ነው። ደብዳቤው እንደደረሰ የአቅራቢው ጠበቃም በተራው ቴክኒሻኖቹ ከእናንተ ሰዎች ጋር አንድ ቃል እንዳይለዋወጡ አዘዘ። ደኅና የሆኑት ማሽኖችም ሳይቀሩ አገልግሎት ሳይሰጡ ተቀምጠዋል። እናንተ ለሌላ መጋዘን ኪራይ ትከፍላላችሁ፤ እሱ ለባንክ ወለድ ይከፍላል። ስለ ሙቀት መለኪያው እስካሁን የተነጋገረ ሰው የለም።

ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ይባላል። ሥሩ የሚገኘው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ነው፤ የሠራው ሰው ሳይለቅ፣ ኢሜይሉ ሳይጠፋ፣ ማንም ገና በወረቀት ላይ አቋም ሳይዝ። አንድ ድርጅት በፊርማና በማኅተም "ጥፋቱ ሙሉ በሙሉ የእናንተ ነው" ብሎ ከጻፈ በኋላ ወደ ኋላ መመለስ ኩራቱን ይነካዋል። የስምምነት ጠበቃ ጥቅሙ የሚበልጠው ከዚያ ደብዳቤ በፊት ሲገባ ነው። ሙግቱ ተጀምሮ ገንዘቡ ካለቀ በኋላ በችሎት ዋዜማ የሚደረግ ስምምነት፣ ስምምነት ነው ቢባልም ከሙግቱ ወጪ የሚያድነው እምብዛም ነው።

ሦስተኛው የምሥጢር ጉዳይ ነው። የኅትመት ሥራ የሚሠራላችሁ አባላችን በጥራት ጉዳይ ከእናንተ ጋር ተከራከረ። ዋጋ ላይ ክርክር አልነበረም። ሆኖም ጠበቆቻችሁ ለፍርድ ቤት ካቀረቡት የመከላከያ መልስ ጋር ውሉን ከነሙሉ የዋጋ ዝርዝሩ አባሪ አደረጉት፤ መዝገቡም ማንም ሊያየው የሚችል ነው። በቀጣዩ ጨረታ ተፎካካሪዎቹ እያንዳንዱን ዋጋ እያወቁ ቀረቡ። ይህ ሆን ተብሎ የተደረገ አይመስለንም፤ ምናልባት ጸሐፊ ያለውን ሁሉ አያይዞ ልኮ ይሆናል። ነገር ግን ሙግት በባሕርይው እንዲህ ነው፤ የቀረበው ሁሉ የአደባባይ ይሆናል። በግል የሚደረግ ስምምነት ዋጋን፣ ንድፍን፣ የደንበኛ ስምን፣ በመካከል የተፈጠረ ስሕተትን በሁለት ወገን መካከል ሊያስቀር ይችላል። ለትልቅ ድርጅት ይህ ምቾት ነው፤ ለእኛ የመኖርና ያለመኖር ጥያቄ ነው።

እዚህ ላይ ግን የማይመቻችሁን ነገር እንናገራለን። ምሥጢር ገደብ ሊኖረው ይገባል። የሰው ሕይወት የሚያሰጋ ጉድለት፣ ወንጀል፣ በሠራተኛ ላይ የተፈጸመ በደል በስምምነት ወረቀት መሸፈን የለበትም፤ ለባለሥልጣን መጠቆምንና በምስክርነት መቅረብን የሚከለክል አንቀጽም አንፈርምም። በአሜሪካ የፍሎሪዳ ግዛት እ.ኤ.አ. በ1990 ያወጣው ሕግ ለሕዝብ አደጋ የሆነን ነገር የሚሸሽግ ስምምነት እንዳይጸና ይደነግጋል። እንዲህ ያለ ሕግ በሌለበትም ቦታ ቢሆን አቋማችን ይኸው ነው። የማቀዝቀዣው ጉድለት እሳት የሚያስነሳ ዓይነት ቢሆን ኖሮ ደብዳቤያችን ሌላ መልክ ይኖረው ነበር።

አራተኛው ቅሬታ ይርጋን፣ ማለትም ክስ ለማቅረብ በሕግ የተወሰነውን ጊዜ፣ ይመለከታል። የጽዳት አገልግሎት የምትሰጣችሁ አባላችን ያልተከፈላትን ሒሳብ ጠይቃ "በድርድር ላይ ነን" የሚል መልስ እየተሰጣት ቆየች። ድርድር ግን አልነበረም፤ ጉዳዩን የያዙት ጠበቃ ሌሎች ክሶች ላይ ተጠምደው ነበር። የይርጋው ጊዜ ሊያልቅ ሲል መብቷን ለማዳን ክስ መመሥረት ግድ ሆነባት። ክሱ በደረሳችሁ ማግስት "ከሳሽ ከሆነ ወገን ጋር አንደራደርም" ተባለች። በቀድሞው አሠራር ንግግሩ ሲጀመር የመጀመሪያው የሚፈረመው ወረቀት ይርጋውን ለድርድሩ ጊዜ የሚያቆም አጭር ስምምነት ነበር። ሕግ እንዲህ ያለውን ስምምነት በሚፈቅድበት ቦታ ሁሉ ወጪው ከአንድ ገጽ ወረቀት አይበልጥም። ያቺ አንድ ገጽ ስለቀረች ብቻ ዛሬ ስንት መዝገብ እንደተከፈተ የሕግ ክፍላችሁ ቆጥሮ ቢነግራችሁ ደግ ነው።

ስለ ሥልጣን ብዙ አንልም። ለድርድር የሚላኩት ሰዎች የመፈረም ውክልና የላቸውም፤ ቀኑን ሙሉ ተነጋግረን በመጨረሻ "ከበላይ ጠይቄ እመለሳለሁ" ይሉናል፤ ብዙውን ጊዜ አይመለሱም።

መደቡን ለማጠፍ የቀረቡት ምክንያቶች ሁለት መሆናቸውን ሰምተናል።

አንዱ ወጪ ነው፤ ለአንድ ጉዳይ ሁለት ጠበቃ መክፈል ብክነት ነው ተብሏል። ሒሳቡን አብረን እንመልከት። ማርክ ጋላንተር የተባሉ የሕግ ምሁር እ.ኤ.አ. በ2004 ባሳተሙት ጥናት እንደሚያሳዩት፣ በአሜሪካ ፌዴራል ፍርድ ቤቶች በ1962 እልባት ካገኙት የፍትሐ ብሔር ጉዳዮች 11.5 በመቶው እስከ ሙሉ የችሎት ሙግት የደረሱ ነበሩ፤ በ2002 ይህ ቁጥር ወደ 1.8 በመቶ ወርዷል። ቀሪው ሁሉ በስምምነት አለቀ ማለት አይደለም፤ በዳኛ ትእዛዝ የተዘጋም የተተወም ብዙ ነው። ይሁንና የቀድሞው አደረጃጀታችሁ ሁለቱንም ሥራ፣ ድርድሩንም ሙግቱንም፣ ይሠራ ነበር፤ የአሁኑ እስከ ችሎት ሙግት ለሚደርሱት ጥቂቶች ብቻ የተሰናዳ ነው። ሌላም አለ። እ.ኤ.አ. በ2008 በታተመ ጥናት ራንዳል ካይዘርና ባልደረቦቹ በካሊፎርኒያ ስምምነት ሳይደረስባቸው ቀርተው እስከ ፍርድ የሄዱ 2,054 ጉዳዮችን መርምረው ነበር። ከሳሾች ለስምምነት ከቀረበላቸው ያነሰ ወይም እኩል ያገኙት በ61 በመቶው ነው። ተከሳሾች ስምምነቱን በመግፋታቸው የተጎዱት በ24 በመቶው ብቻ ሆኖ ተገኘ። ይህን ያነበበ የእናንተ ጠበቃ ሊደሰት ይችላል፤ ብዙ ጊዜ ተከሳሽ ናችሁና። ነገር ግን የስሕተቱን ዋጋ ይመልከት፤ የከሳሹ ስሕተት በአማካይ 43 ሺህ ዶላር ሲያስወጣው የተከሳሹ ወደ 1.1 ሚሊዮን ዶላር ደርሷል። ተከሳሽ የሚሳሳተው አልፎ አልፎ ነው፤ ሲሳሳት ግን የአንድ ሳይሆን የብዙ ዓመት የስምምነት ጠበቃ ደመወዝ ይዞ ነው የሚሄደው። ከሳሾቹ እኛ ነንና የ61 በመቶው ቁጥር ለእኛም የሚመች አይደለም። ለዚህ ነው ሁለታችንም በክሱ ውስጥ ያልተነከረ፣ ጉዳዩን በጠራ ዓይን የሚመዝን ሰው ያስፈልገናል የምንለው።

ሁለተኛው ምክንያት ክብር ነው መሰለን፤ ስምምነት የሚፈልግ ድርጅት ደካማ ይመስላል የሚል። ይህ ፍርሃት እውነተኛ ነው፤ "እንነጋገር" ብሎ መጀመሪያ መጻፍ ለማንም ተከራካሪ ጠበቃ ከባድ ነው፤ ማዶ ያለው ወገን "ማስረጃ የለውም ማለት ነው" ብሎ ያስባል። የተለየ የስምምነት ጠበቃ ባለበት ግን ይህ ጥርጣሬ አይነሳም። ድርጅቱ ለሁሉም ጉዳይ በመደበኛነት የሚልከው ሰው ስለሆነ መምጣቱ ስለ ጉዳዩ ጥንካሬ ምንም አይናገርም። ከዚያም በላይ የተከራካሪ ቡድናችሁ ሙግቱን ያለ ማመንታት መቀጠል ይችላል፤ አንዱ ሲነጋገር ሌላው ይዘጋጃል። የእናንተ ጥንካሬ በሁለቱም በኩል ይታያል።

ሁሉም ነገር በስምምነት ይለቅ እያልን አይደለም። ማጭበርበር ሲኖር፣ አንድ ንብረት ሊሸሽ ሲል አስቸኳይ እግድ ሲያስፈልግ፣ ለብዙ ውሎች መሪ የሚሆን የሕግ ትርጉም ሲፈለግ ፍርድ ቤት መሄድ ተገቢ ነው። አንዱ ወገን ድርድርን ጊዜ ለመግዛት ብቻ የሚጠቀምበት ከሆነም እንዲሁ። ለዚህ ነው ከጥያቄዎቻችን ውስጥ የጊዜ ገደብን ያስገባነው።

የምንጠይቃችሁ የሚከተለውን ነው።

የስምምነት ጠበቃው የሥራ መደብ ይመለስ። በቋሚ ሠራተኛ መሙላት ካልተቻለ ከውጭ ጠበቃ ይያዝ፤ በሚፈርመው የአገልግሎት ውል ላይ ግን በያዘው ጉዳይ ላይ ችሎት እንደማይቆም በግልጽ ይጻፍ። ክፍያውም ይታሰብበት። በሰዓት ብቻ ከተከፈለው ንግግሩን ሊያስረዝም ይችላል፤ ከእኛ ጥያቄ ላይ በቀነሰው መጠን መቶኛ ከተከፈለው ደግሞ ስሙ የተለወጠ ተከራካሪ ይሆናል። ለእያንዳንዱ ጉዳይ የተቆረጠ ክፍያ የተሻለ ይመስለናል።

በስምምነት ጠበቃውና በተከራካሪ ቡድኑ መካከል ግድግዳ ይኑር። የድርድር ፋይል ለብቻው ይቀመጥ፤ ማን ማየት እንደሚችል ተጽፎ ይታወቅ፤ ይህም በውሎቻችን ውስጥ ከክስ በፊት የሚፈጸም አንቀጽ ሆኖ ይግባ። ለእኛ ከሁሉ የሚበልጠው ጥያቄ ይህ ነው፤ ሌላው ሁሉ ቢሟላ ይህ ከቀረ እውነቱን የሚናገር ሰው አታገኙም።

ለጠበቃው የጽሑፍ ውክልና ይሰጠው። እስከ አንድ የገንዘብ ጣሪያ ድረስ ራሱ ይፈርም፤ ከዚያ በላይ ለሆነው ውሳኔ የሚሰጥ ኃላፊ ተለይቶ ይታወቅ፤ ድርድሩ በሚካሄድበት ቀንም በስልክ ይገኝ። ጉዳዩን የሚሸፍን መድን ካለ መድን ሰጪው ከመጀመሪያው ይነገረው፤ ሳያውቅ የተፈረመ ስምምነት ሽፋኑን ሊያሳጣችሁ ይችላልና። የአንዱን አባላችን ስምምነት በመጨረሻዋ ሰዓት ያፈረሰው ይኸው ነበር።

ድርድር ሲጀመር ይርጋን የሚያቆም ስምምነት በቅድሚያ ይፈረም፤ ድርድሩም በ60 ቀናት ይወሰን። ከዚያ በኋላ ማንም ወገን ያለ ወቀሳ ወደ ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል። ክስ የመሠረተ ወገንም በዚያ ምክንያት ብቻ ከድርድር አይከልከል።

ከሌላ አገር ሆነው ዕቃ የሚያቀርቡላችሁ አባሎቻችን በተለይ የሚያነሱት ጥያቄ አለ። በሁለቱ ጠበቆች መካከል የተደረሰ ስምምነት ውል ነው፤ ድንበር ተሻግሮ ለማስፈጸም እንደማንኛውም ውል አዲስ ክስ ሊጠይቅ ይችላል። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2019 ለፊርማ ክፍት ሆኖ በመስከረም 2020 ሥራ ላይ የዋለው የሲንጋፖር ስምምነት፣ ዓለም አቀፍ የንግድ ስምምነቶች በአባል አገሮች በቀጥታ እንዲፈጸሙ መንገድ ይከፍታል፤ ነገር ግን የሚሠራው በአስታራቂ አማካይነት ለተደረሰ ስምምነት ነው። ስለዚህ ማስፈጸሚያው አገር አባል በሆነበት ጉዳይ አስታራቂ ከጅምሩ በድርድሩ ይሳተፍ፤ ስምምነቱም በማስታረቅ ሂደት የተደረሰ መሆኑ በጽሑፍ ይረጋገጥ። ጠበቆቹ ሁሉን ጨርሰው ለፊርማ ብቻ የሚጠሩት አስታራቂ ለዚህ አይበቃም።

በእኛ በኩል የምንገባው ግዴታም አለ። ይህ አሠራር ሲጀመር እያንዳንዱ አባላችን ለድርድር የሚልከው በዚያው ጉዳይ በችሎት የማይቆም ጠበቃ ይሆናል፤ ለብቻቸው መቅጠር ለማይችሉት ስብስባችን በጋራ ይይዝላቸዋል። በድርድር የሰማነውን በሙግት አንጠቀምበትም፤ ይህንንም እናንተ በምትፈርሙበት ወረቀት ላይ እንፈርማለን።

አሁን በክስ ላይ ያሉት የማቀዝቀዣው፣ የኤሌክትሪክ ዝርጋታውና የጽዳት አገልግሎቱ ጉዳዮች አዲሱ አሠራር እስኪደራጅ መጠበቅ አይችሉም። ለእነዚህ ሦስቱ ክሱን ያልያዘ ጠበቃ በጊዜያዊነት ተመድቦ ንግግር እንዲጀመር፣ የመጋዘኑ በር ለቴክኒሻኖች እንዲከፈትና ለጠቅላላው ደብዳቤያችን በ30 ቀናት ውስጥ የጽሑፍ መልስ እንዲሰጠን እንጠይቃለን።

ከሰላምታ ጋር

የአቅራቢዎች፣ የንዑስ ተቋራጮችና የአገልግሎት ሰጪዎች ስብስብ ሰብሳቢ
በአባላቱ ስም

ግልባጭ፦
ለድርጅቱ የውስጥ ኦዲት ክፍል
ለድርጅቱ የግዥ ክፍል
ለጠበቆች ማኅበር